የከተማን ቡድን በጨዋነት መደገፍ፦ ለባሕር ዳር ደጋፊ የማዳመጥና የደግነት መመሪያ

በባሕር ዳር የእግር ኳስ ወሬ የሚበዛው ከስታዲየሙ አጥር ውጭ ነው። ቡድኑ በተጫወተ ማግስት ከሽምብጥ እስከ ፔዳ፣ ከቀበሌ 14 እስከ ዓባይ ማዶ፣ ቡና በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ፣ ባጃጅ ውስጥም ሳይቀር፣ ስለ ተሳተው ኳስና ስለ ዳኛው ፊሽካ ይወራል። ስለ አሰላለፍና ስለ ተጫዋች ቅያሬ የሚያስረዳ ሰው ሞልቷል፤ በዚያ ወሬ መካከል ሰውን እንዴት እንደምንሰማ፣ የተከፋውን እንዴት እንደምናጽናና፣ እንግዳ ደጋፊን እንዴት እንደምንቀበል የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚሁ ነው። አንድ ከተማ በቡድኑ ምን ያህል እንደሚኮራ ከጩኸቱ ይልቅ በደጋፊው አደማመጥ ይታወቃል ብዬ አምናለሁ፤ ማዳመጥ ደግሞ እንደ ኳስ ቅብብል ልምምድ የሚፈልግ ችሎታ ነው።

ነገሩ ለምን ዛሬ እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የቡድኑን የቅርብ ጊዜ ጉዞ ማስታወስ ይጠቅማል። ደጋፊው «የጣና ሞገዶቹ» የሚለው፣ ብዙዎቻችንም ዛሬ ድረስ ከነማ የምንለው የባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ በማጠናቀቁ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመሳተፍ ዕድል አገኘ፤ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሎ ካለፈ በኋላ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። የኋለኞቹ ዓመታት ደስታና ሐዘን ግን ለአብዛኛው የከተማው ሰው የደረሰው በቴሌቪዥን ነው። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ክለቦች በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ተሰባስበው የተወሰኑ ሳምንታት ጨዋታዎችን ካደረጉ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩበት አሠራር ስለመጣ፣ ቡድኑ ከከተማው ርቆ የሚከርምበት ጊዜ ረዘመ። ስለዚህ ደጋፊነት በአብዛኛው ጨዋታ በሚታይበት ቤት፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚኖር ሕይወት ሆኗል። በዚያ ቅርበት የአንዱ ንዴት ወዲያው ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ አንድ የደግነት ቃልም እንዲሁ።

ከሽንፈት በኋላ

ጨዋታው በሽንፈት ሲያልቅ የሚመጣው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከሁሉም የሚከብድ ነው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ አንዱ አሠልጣኙን፣ ሌላው በረኛውን፣ ሦስተኛው ዳኛውን ይከሳል፤ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ ግን የለም። በዚህ ሰዓት እርስዎ ትክክል ቢሆኑም እንኳ አስተያየትዎን ያቆዩት። በተለይ «ነግሬህ ነበር» የሚለውን ቃል ከአፍዎ አያውጡት፤ የጨዋታውን ውጤት አይለውጥም፣ በወዳጅዎ ሐዘን ላይ ግን ሌላ ሽንፈት ይጨምርበታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ይምረጡ። ብዙውን ጊዜ መመረጥ ያለበት ጮክ ብሎ የሚናገረው ሳይሆን ዝም ያለው ነው፤ ለስላሳው ግማሽ ድረስ ብቻ ተጠጥቶ ፊት ለፊቱ የቆመ፣ ማስታወቂያ እየተላለፈም ዓይኑን ከስክሪኑ ያልነቀለ፣ ጣቶቹ የጠርሙሱን ክዳን ጠረጴዛው ላይ የሚያሽከረክሩ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ከአጠገቡ ይቀመጡ፣ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ፣ ፊትዎንም ከቴሌቪዥኑ ወደ እሱ ያዙሩ። ጥያቄዎ አጭርና በአንድ ነገር ላይ ያረፈ ይሁን፤ «የቱ ላይ ነው ያበቃልን ያልከው?» ወይም «ሁለተኛው ጎል ሲገባ እንዴት አየኸው?» የመሰለ። «እንዴት ነበር?» ብለው በደፈናው ቢጠይቁት «ተወው» ብሎ ይዘጋዋል፤ አንዲት የተወሰነች ቅጽበት ከጠየቁት ግን ከእሷ ተነሥቶ የሆዱን ይናገራል።

መናገር ሲጀምር አያቋርጡት። ስሙን የተሳሳተው ተጫዋች ቢኖር አያርሙት፤ ደቂቃውን ቢያምታታ ይለፉት። ትንሽ ዝም ሲል ደግሞ ቶሎ ብለው ክፍተቱን ለመሙላት አይሞክሩ፤ «ከዚያስ?» ብሎ መጠበቅ ይበቃል፤ ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ከሁለተኛው ዝምታ በኋላ ነውና። የማይስማሙበት ሐሳብ ከሆነ ከመቃወምዎ በፊት የእሱን ሐሳብ በራስዎ አነጋገር ይድገሙለት፤ «አንተ የምትለው አማካዩ ላይ ሰው ስላነሰን ኳስ መያዝ አልቻልንም ነው አይደል?» ብለው «አዎ፣ እሱን ነው የምለው» የሚል መልስ ካገኙ በኋላ ብቻ የእርስዎን ይበሉ። ይህን ያደረገ ሰው ክርክሩ እንዴት እንደሚበርድ ራሱ ያያል፤ የሚያስቆጣን አብዛኛውን ጊዜ የሐሳብ ልዩነቱ ሳይሆን ሐሳባችን ሳይሰማ መጣሉ ነውና።

ስለ ማጽናናት አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ «አይዞህ» ደግ ቃል ነው፤ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ሲመጣ ግን ወሬውን ይዘጋል። ሰውየው ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር «አይዞህ፣ ኳስ ነው፣ ይህም ያልፋል» ብንለው፣ በቃ አትናገር እንዳልነው ይሰማዋል። ስለዚህ ማጽናኛውን ለመጨረሻ ያቆዩት። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ከሆነ አንድ ቀላል ልማድ ልጠቁም፤ አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ወሬው የእሱ ይሁን፣ ከቶናው ጀምሮ የእርስዎ ሐሳብ ይግባበት፣ በረካው ላይ ስለ ቀጣዩ ጨዋታ ይነጋገሩ።

ጠንቅቆ የሚያዳምጥ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ለአንድ ነጥብ መጣል የማይመጥን ቁጣ ከታየ፣ ነገሩ ኳስ ብቻ ላይሆን ይችላል። የቤት ኪራይ የከበደው፣ ሥራ ያጣ፣ ከዘመድ ዜና ተቋርጦበት የሰነበተ ሰው ሐዘኑን በስሙ ጠርቶ መናገር ሲያቅተው በአጥቂው ላይ ያወርደዋል። ይህን ሲጠረጥሩ በሰው ፊት አይጠይቁት። ከቤቱ አብረው ይውጡ፤ በሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ ይዘው ትንሽ ይራመዱ፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ይቀላል። «ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ነው?» ብለው አንዴ ይጠይቁት። ካልመለሰ አይጫኑት፤ በሩን እንደከፈቱለት ያውቃልና በሌላ ቀን ይመጣል።

እንግዳ ደጋፊ ሲመጣ

የባሕር ዳር ስታዲየም ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች መያዝ የሚችል በመሆኑ ከተማው ብዙ ጊዜ ትልልቅ ጨዋታዎችን አስተናግዷል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የወንዶች ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ግብ ቀድሞ ተቆጥሮባቸው ሳለ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ባስቆጠሩት ግብ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፉት፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረቱት እዚሁ ነው። በእነዚያ ቀናት መላው ሀገር አንድ ቡድን ስለነበረው መስተንግዶው ቀላል ነበር። የሚከብደው፣ ስለዚህም የሚያስመሰግነው፣ የተቃራኒ ክለብ መለያ ለብሶ የመጣውን ሰው መቀበል ነው።

እንግዳውን ለመቀበል ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ስለ ቡድኑ አንድ መልካም ነገር ዐውቆ እሱን መጠየቅ ነው። ከወላይታ ሶዶ የመጣ ከሆነ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣበትን ቀን የት ሆኖ እንዳሳለፈ ይጠይቁት። የሐዋሳ ሰው ከሆነ ቡድኑ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ማንሳቱን ያንሱለት። የጅማ ሰው በ2010፣ የጎንደር ሰው በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን መሆንን ያውቃል፤ እኛ ገና ያልደረስንበትን ደስታ ስለሚያውቁ ከእነርሱ የምንሰማው አለ። እንዲህ ሲጠየቅ ፊቱ የማይፈካ ደጋፊ አላየሁም። ያን ጊዜ ታሪኩን እስኪጨርስ ይስሙት፤ «እኛም እኮ አዛምን…» ብለው መሃል አይግቡ፤ ተራዎ ይደርሳል። አማርኛው ለእንግዳው ሁለተኛ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ቃል ሲፈልግ ይታገሡት፤ ዓረፍተ ነገሩን እርስዎ አይጨርሱለት፣ አነጋገሩንም ለሳቅ አይድገሙት።

ደግነት በኪስም ይታያል። ባጃጅ የሚነዱ ወይም ምግብ ቤት ያላቸው ወንድሞችና እህቶች፣ በጨዋታ ቀን ለእንግዳው የሚጠሩት ዋጋ ለጎረቤታቸው ከሚጠሩት ጋር አንድ ይሁን፤ እንግዳው ወደ ከተማው ተመልሶ ስለ ባሕር ዳር የሚያወራው ከውጤቱ በፊት ይህን ነው። የተጠበሰ ዓሣ የት እንደሚጣፍጥ ቢጠይቅዎ ስሙን ነግረው አይተዉት፤ ጥቂት እርምጃ አብረውት ሄደው ያሳዩት።

ከጨዋታው በፊት የሚተርፍ ጊዜ ካለው ምን ማየት እንደሚችል ይጠይቅዎታል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ትልቅ ደግነት ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በክረምት መጨረሻና በመስከረም የሚያስገርም ቢሆንም፣ በበጋ ውኃው በእጅጉ ይቀንሳል፤ የካቲት ላይ ለመጣ ሰው በፖስተር ላይ ያለውን ፏፏቴ ቃል አይግቡለት። ይልቁንም በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንዲሳለም ወይም እንዲጎበኝ፣ በመንገዱም የቡናውን ደን እንዲያይ ይምከሩት፤ ጀልባው ደርሶ መልስ ሰዓታት ስለሚወስድ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ከሆነ በማለዳ መነሣት እንዳለበትም ይንገሩት። ወደ ሁለቱም ቦታ ከመላክዎ በፊት የመንገዱንና የጉዞውን ሁኔታ በዕለቱ ያጣሩለት።

ነባሩ ደጋፊ ሲያወራ

በየሰፈሩ ቡድኑን በታችኛው ሊግ ሳለ ጀምረው የተከተሉ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች አሉ። ወጣቱ ደጋፊ ብዙ ጊዜ የሚሰማቸው በትዕግሥት እንጂ በጉጉት አይደለም፤ ይህ ኪሳራ ነው። የክለቡ የቀደመ ታሪክ በአብዛኛው በእነርሱ አንደበት የሚኖር በመሆኑ፣ ሳንጠይቃቸው ያለፈው ሁሉ ይጠፋል። ሲጠይቁ «ጋሼ፣ ድሮ እንዴት ነበር?» አይበሏቸው፤ ለዚህ የሚመጣው መልስ «ድሮማ ሌላ ነበር» የሚል ብቻ ነው። «ያኔ ለጨዋታ ስትሄዱ በምን ትሄዱ ነበር? ማን ነበር በረኛው? ሜዳው የት ነበር? መለያውን ማን ያጥብ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። ከመለያው አጣቢ ተነሥተው ስለ አንድ ሰፈር አኗኗር ሲተርኩ ይሰማሉ። ከርዕሱ ወጣ ቢሉ አይመልሷቸው፤ ወጣ ያሉበት ቦታ አንዳንዴ ከተጠየቁት ይበልጣል። ፈቃዳቸውን ጠይቀው በስልክዎ ድምፃቸውን ቢቀዱ ለልጅ ልጆቻቸው ስጦታ ነው። ዛሬ ስላሉት ተጫዋቾች ሲነቅፉ ደግሞ ለመከላከል አይቸኩሉ፤ ነቀፋቸው ውስጥ ቡድኑን ለመልቀቅ ያልፈቀደ ፍቅር አለ።

ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ዳር

ሁለት ድንጋይ ጎል ሆኖ በተተከለበት የሰፈር ሜዳ ላይ ልጅዎ ወይም የጎረቤት ልጅ ሲጫወት ከዳር ሆነው አሠልጣኝ አይሁኑ። «አቀብል! ምታ! ተመለስ!» የሚሉ ሦስት ድምፆች በአንድ ጊዜ የሚደርሱት ልጅ ኳሱን ሳይሆን አባቱን ማየት ይጀምራል። ሲጨርስ መጀመሪያ ውኃ ይስጡት። ተሸንፎ ካለቀሰ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አይበሉት፤ ቁጢጥ ብለው በቁመቱ ልክ ሆነው «ከሁሉ የወደድከው የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ስለ ሽንፈቱ ራሱ ሲያነሣ ያን ጊዜ ይስሙት።

ኳስ መጫወት እፈልጋለሁ ያለችን ሴት ልጅ በተመለከተ ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። ፈቃድ መስጠትም ሆነ መከልከል ከመምጣቱ በፊት የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት ልትጫወት እንዳሰበች እስከ መጨረሻው ትንገርዎ፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን ሉሲዎቹን ቴሌቪዥን ላይ አይታ ይሆናል፤ ስጋትዎ ሰዓቱ ወይም መንገዱ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ራሷ ከምትናገረው ውስጥ ይገኛል። ልጅቷን አስቀምጦ መስማትን የአንድ ቀን ለጋስነት አድርገን ማየት የለብንም።

ስድብ ሲነሣ

በሀገራችን ሜዳዎች ላይ የሰው ክብር፣ ብሔርና እናት የሚነካ ስድብ ተሰምቷል፤ እጅም ተነሥቷል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አንድ ዳኛ ሜዳ ላይ በመደብደቡ ምክንያት ሊጉ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር፤ የእኛ ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የሌላ ከተማ ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አጠገብዎ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ስድብ ቢጀምር ጮኸው አይገሥጹት፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ስድቡን ያባብሰዋል እንጂ አይተውም። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ የቡድናችሁን ዜማ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አብዛኛው ሰው የሚከተለው ቀድሞ የሰማውን ድምፅ ስለሆነ ስድቡ ብቻውን ይቀራል። ቀጥሎ በዕረፍት ሰዓት ከአጠገቡ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ «እዚያ ማዶ ከተቀመጡት መካከል ትናንት አብሮን ቡና የጠጣ ሰው አለ» ይበሉት። ዕድሜው ከእርስዎ የሚበልጥ ከሆነ በአክብሮት ይጥሩት፣ የሚያከብረው የሰፈሩ ሰው ካለም እሱ እንዲያናግረው ያድርጉ፤ ሽምግልና የምናውቀው ነገር ነው። ነገሩ ወደ ድንጋይና ወደ ጡጫ ካዘነበለ ግን ልጆችን ይዞ መራቅና ለጸጥታ አስከባሪዎች ማሳወቅ እንጂ መሃል መግባት አያስፈልግም።

ስለ ዳኛውም ቢሆን እንዲሁ ነው። እርስዎ ከ80 ሜትር ርቀት ወይም ከካሜራው አቅጣጫ ያዩትን ኦፍሳይድ እሱ በሌላ አቅጣጫ፣ እየሮጠ፣ በአንድ ቅጽበት መወሰን ነበረበት። ተቃውሞዎን ማሰማት መብትዎ ነው፤ ቤተሰቡን ማንሳት ግን ከእግር ኳስ ውጭ ነው።

ተጫዋቹን መንገድ ላይ ሲያገኙት

ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ብትሆንም ተጫዋቾቹን ገበያ ውስጥ ወይም ባንክ ወረፋ ላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ከድል ማግስት ሁሉም ሰላም ይላቸዋል። ግብ የሳተው ልጅ ግን ከሽንፈት ማግስት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲያልፍ ሊያዩት ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቤተሰብ ርቋቸው የሚኖሩ ናቸው። በስሙ ጠርተው ሰላም ይበሉት፤ ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ ይጠይቁት። ስለ ጨዋታው እሱ ካላነሣ እርስዎም አያንሡበት፤ ካነሣ ደግሞ ቆመው ይስሙት፣ ምክር ሳይጨምሩ። ፎቶ ለመነሣት ከፈለጉ ቀድመው ይጠይቁት፤ ዛሬ ይቅር ካለም «እሺ፣ በርታ» ብለው ይለፉ።